አራት ማል ጨው

ሞክፖ፣ ከሆስፒታል
በጨረቃ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር፣ 6ኛው ቀን

ለሉዋ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቤቱስ እንዴት አደረ? ብርዱ ቢቀንስም ማሞቂያውን እንዳታጠፊው፤ ቧንቧው በረዶ ይዞ ይፈነዳል።

እኔ እንዳለሁ አለሁ። ዳሌዬ ውስጥ ብረት አስገብተው ሰፍተውኛል። ሐኪሙ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፤ «አያቴ፣ በረዶ ላይ ምን ያስሮጥዎታል?» ይለኛል። አልሮጥኩም። የጋኖቹን ክዳን ከበረዶ እየጠረግሁ ነበር። አርባ ስምንት ዓመት ስረግጠው የኖርኩት ድንጋይ ዘንድሮ ጣለኝ።

ስልክ ላይ እንደማልሰማ ታውቂያለሽ። ነርሷ ጆሮዬ ላይ ስትደቅነው የንብ ቀፎ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ የተማርኩት ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆነኛል? አንቺም ጻፊ። ብትሳሳቺ አልስቅብሽም። ከአንቺ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የተማርኩ ሰው ምን መሳቂያ አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። በትልቁ ጋን ያለው ጥቁር መረቅ የአማቴ አማት ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው። እሱ እርሾ ነው። በየዓመቱ ከአኩሪ አተር አዲስ ጃንግ እንሠራለን፣ ከአዲሱ ለእርሾው እንጨምርለታለን፣ እርሾውም አዲሱን ያጣፍጠዋል። አንድ ዓመት ከተዘለለ ያልቃል። ዘንድሮ ከጋኑ ሥር የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም። የመሥሪያው ወር ይኸው ገባ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ተጋድሜ ጣሪያ እቆጥራለሁ።

አራት ዓመት ሙሉ ጋኖቹን እንዳትነኪ ስከለክልሽ ኖሬያለሁ። አሁን የሚነካቸው ሌላ ሰው የለም። ቻንሶክ ገብስ እስኪታጨድ ከባሕር አይመለስም፤ ቢመለስም ልጄ ከጃንግ የሚያውቀው መብላቱን ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፊና እያየሽ ሥሪ።

የአኩሪ አተሩን ጥፍጥፎች ከጣሪያው አውርጂ። ሻጋታቸውን በብሩሽ እጠቢ። ነጩና ቢጫው ደግ ነው፣ ጥቁሩን ፋቂው። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቁ። ባዶውን ጋን ገለባ አንድደሽ በጭሱ እጠኚው። በ17ኛው ቀን፣ ከአሥራ ሁለቱ የእንስሳት ቀኖች በፈረስ ቀን፣ በጠዋት ጀምሪ። ሌላ ቀን አይሆንም፤ አማቴም አማቷም ከፈረስ ቀን ውጪ ሠርተው አያውቁም። መስፈሪያዎቹ ከጓዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ትልቁ ሣጥን ማል ነው፣ ትንሹ ትዌ ነው። ውሃ ሁለት ማል። ጨው አራት ማል። መጀመሪያ ጨውን ሰፍረሽ ምንጣፍ ላይ ቆልዪ፣ ከዚያ ውሃውን በወንፊት እያሳለፍሽ አሟሚው። እንቁላል ጣዪበት። ከውሃው ብቅ ያለው የእንቁላሉ ጀርባ የመቶ ዎን ሳንቲም ሲያህል ልክ ነው። ጥፍጥፎቹን ጋኑ ውስጥ ደርድሪ፣ ውሃውን ገልብጪ፣ ሦስት ፍም፣ ሦስት ቀይ በርበሬ፣ ሦስት የደረቀ ቁርቁራ ጣዪበት። በጋኑ አንገት ላይ ወደ ግራ የተገመደ የገለባ ገመድ እሰሪ።

ከራስሽ አትጨምሪ፣ ከራስሽ አትቀንሺ። የጻፍኩትን ብቻ አድርጊ። ጨውን ከፊተኛው የጨው ጋን ውሰጂ። የኋላውን አትክፈቺው።

ስለዚያ ስለጠየቅሽኝ ነገር፣ የት እንዳለ አላውቅም። ፓስፖርት እግር የለውም፤ አንድ ቀን ከአንድ ቦታ ይገኛል። አሁን የጃንግ ጊዜ ነው።

አማትሽ
ታክ ማልሲም


ሶልጎል መንደር
የመጀመሪያው ወር፣ 10ኛው ቀን

በአክብሮት ለእማማ፣

ሕመሙ ቀለል አለልዎት ወይ? እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ? የሆስፒታሉ ሾርባ ጨው የለውም ብለው ሳህኑን እንደሚመልሱ አውቃለሁ። እባክዎ አይመልሱት፤ ካልበሉ አጥንት አይገጥምም። መጥቼ ስላላየሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፍጥፎቹን ትቼ ብመጣ ደግሞ ይቆጡኛል።

ጥፍጥፎቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ናቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አንደኛውን አይጥ ጠርዙን በልቶታል፤ አልደብቅዎትም። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታየኝ ቆየች። «የባዕድ እጅ የነካው ጃንግ ምን ሊወጣው ነው?» አለች። «ጃንግ ይወጣዋል» አልኳት። «አፍሽ ተምሯል!» አለችኝ። «ፊደልም ተምሯል፣ እርስዎም ይምጡና ይማሩ» አልኳት። ተቆጥታ ሄደች። ማታ ግን አንድ ሳህን የጎመን ኪምቺ በራችን ላይ አስቀምጣ አገኘሁ።

እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የኋላው የጨው ጋን ለምን አይከፈትም? ያ ጨው የቆየ ነው፣ ምሬቱ ወጥቶለታል። በእኛ አገር፣ በባሕሩ ዳር፣ አያቴ የዓሣ መረቅ ስትጥል አዲስ ጨው አትነካም ነበር፤ ሦስት ዓመት ካልቆየ ምላስ ይበላል ትል ነበር። የፊተኛው የዘንድሮ ጨው ነው።

ፓስፖርቱን በቁም ሣጥኑ ውስጥ ፈለግሁ። በሩዝ ሣጥኑ ሥር፣ በቻንሶክ የክረምት ካፖርት ኪስ፣ በእርስዎ የመርፌ ቆርቆሮ ውስጥም ፈለግሁ፤ ሳላስፈቅድ ስለከፈትኩ ይቅርታ። ወንድሜ ደውሎ ነበር። እናታችን ካዲስ ዓመት ወዲህ እህል አትቀምስም። ስሜን እየጠራች ነው ይላል።

ልጠፋ አይደለም፣ እማማ። ጃንጉን ጨርሼ ነው የምሄደው። ላያት ብቻ ነው።

ሉዋ


ሞክፖ
የመጀመሪያው ወር፣ 13ኛው ቀን

ለሉዋ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሾርባውን እየበላሁ ነው፤ የሾርባ ስም ይሰጡታል እንጂ የድስት እጣቢ ነው።

አይጥ የበላውን ጠርዝ በቢላ ቁረጪና ጣዪው። ቀሪው ምንም አይልም። ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ጥሩ መልስ ነው የሰጠሻት፤ ግን አትመኚያት። ኪምቺዋንም ብዪ እንጂ አታመስግኛት፣ ነገ ለመንደሩ ሁሉ ታወራለች።

ጨው ከፊተኛው ጋን ብያለሁ፣ ከፊተኛው ጋን ነው። የአያትሽ አገር ሌላ፣ የእኛ አገር ሌላ። የኋላውን ጨው ለመኸር ጎመን ነው ያስቀመጥኩት። ለምን ይህን ያህል ትጠይቂያለሽ? እኔ አማቴን አንድ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ማንኪያው ጭንቅላቴ ላይ ነበር የሚያርፈው።

ካጠገቤ የተኛችው፣ ከሄናም አገር የመጣችው ሴትዮ ጆሮዬ ሥር መጥታ ትጮኻለች፤ ካልጮኸች አልሰማትም። «የምትጽፊላት ልጅሽ ናት?» አለችኝ። «የልጄ ሚስት ናት» አልኳት። «ከየት ናት?» «ከቬትናም።» «እና የቤቱን ጋን ሰጠሻት? ጉድ ነው!» «እኔ አልሰጠኋትም፣ ዳሌዬ ነው የሰጣት» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሦስት ቀን ሆኖኛል እንቅልፍ ካጣሁ። ዓይኔን ስከድን ጋኑ ሲሰነጠቅ ይታየኛል። ጠዋት ደግሞ መስኮቱ ላይ በረዶ ሲዘንብ አያለሁ፤ እዚያም ዘንቦ ይሆን፣ ጥፍጥፎቹንስ አስገብተሽ ይሆን እላለሁ።

አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ከፈረስ ቀን በፊት ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት አትሂጂ። ከለቅሶ ቤት የመጣ ሰውም አጥራችንን አይለፍ። ሞት የነካው እጅ ጋን አይነካም፤ የጃንግ ጣዕም የሚዞረው በዚያ ነው፣ የጃንጉ ጣዕም ከዞረ ደግሞ ቤቱም ይዞራል። ስትሠሪ እስትንፋስሽ እንዳይገባ አፍሽን በነጭ ጨርቅ ሸፍኚ። ማልቀስ ካማረሽም ገመዱ ከታሰረ በኋላ አልቅሺ።

ስለ እናትሽ አነበብኩ። አሮጊት ትታመማለች፣ ትነሳለች። እኔን እዪኝ። ፓስፖርቱን ስመጣ አብረን እንፈልገዋለን። እስከዚያ የትም አትሂጂ። ሄዳ የተመለሰች ሙሽራ በዚህ መንደር እስካሁን አልታየችም።

በ17ኛው ቀን ማታ ወዲያው ጻፊልኝ። የእንቁላሉ ጀርባ ምን ያህል እንደታየ ጻፊልኝ።

ማልሲም


ሞክፖ
የመጀመሪያው ወር፣ 21ኛው ቀን

ለሉዋ፣

ከፈረስ ቀን ወዲህ አራት ቀን አለፈ። አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም። ፖስታ የምታድለዋን ልጅ በየጠዋቱ እየጠበቅሁ አስቸገርኳት፤ ዛሬማ ከደረጃው ስታየኝ ገና እጇን አወዛወዘች፣ የለም ለማለት።

በመጀመሪያ ልቆጣሽ ነበር። ቁጣዬን በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ ስሞክረው አደርኩ። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለሙከራ ጽፌ ነው የምገለብጠው። የሄናም ሴትዮ ወረቀቶቼን አንስታ ማንበብ ጀመረች፤ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ከዚያ የ6ኛውን ቀን ሙከራ ይዛ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጃንግ ነው ወይስ ባሕር ነው የምታሠሪው?»

«ምን አልሽ?»

«ጨው አራት ማል ብለሻል! አራት ማል!»

«አራት ትዌ ነው ያልኩት።»

«አፍሽ ትዌ ይላል፣ እጅሽ ማል ጽፏል! አሥር ትዌ ነው አንድ ማል የሚሆነው፤ ወይስ እናንተ ጋ ሌላ ነው?»

ወረቀቱን ቀማኋት። ማል ይላል። በደማቁ፣ በትልቁ፣ ማል ይላል። ከስሜ ፊደሎች ሁሉ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ስለሆነ እጄ ሳይጠይቀኝ ይጽፈዋል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጃንጉ ነበር። በዚያ ጨው የቆየ እርሾም ይሞታል። ከዚያ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ፊተኛው ጋን ውስጥ ያለው ጨው አንድ ማል ከምናምን ነው። የጻፍኩትን ብቻ አድርጊ ብዬሻለሁ። አንቺ ደግሞ እንደተጻፈ የምታደርጊ ሰው ነሽ። ስለዚህ የኋላውን ከፍተሻል።

እዚያ ታች ምን እንዳለ እኔ አውቃለሁ። አሁን አንቺም ታውቂያለሽ። የዝምታሽ ምክንያት እሱ ነው።

አልክድም። በመጣሽ በመጀመሪያው ክረምት ነው የደበቅሁት። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ «ፓስፖርቷ በብብቷ ያለ ሙሽራ ጸደይ ሲመጣ ትበራለች» አለችኝ። በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ ጨው አለበስኩት። ከዚያ በኋላ ስትፈልጊ እያየሁ አራት ዓመት ዝም አልኩ። መጀመሪያ ቻንሶክን ትተሽው እንዳትሄጂ ብዬ ነበር። ኋላ ኋላ ግን፣ እውነቱን ልጻፈው፣ እኔን ትተሽኝ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለባሌም።

በሃያ አራት ዓመቴ፣ በዚሁ በመጀመሪያው ወር፣ ከእናቴ መንደር ደብዳቤ መጣ። አማቴ ከፖስተኛው እጅ ተቀብላ ለመንደሩ ሹም አስነበበችው። «ምን ይላል?» አልኳት። «የግብር ወረቀት ነው» አለችኝ። ደብዳቤውን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። አገላብጬዋለሁ። ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነበር። በፈረስ ቀን አፌን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጃንግ ሠራሁ። በአራተኛው ቀን፣ ገመዱ ከታሰረ በኋላ፣ «እናትሽ አርፋለች፣ ቀብሯም አልፏል» አለችኝ። «ቀድሜ ብነግርሽ ሞትን ጋኑ ውስጥ ትከቺው ነበር።»

የዚያ ዓመት ጃንግ ጥሩ ነበር። እንግዳ ሁሉ አመሰገነው። አንቺ እንድትጠብቂው የለመንኩሽ እርሾ ውስጥ እሱም አለበት።

ፊደል የተማርኩት ለዚህ ነው። ማንም ሁለተኛ የግብር ወረቀት ነው እንዳይለኝ ብዬ። ተማርኩና በተማርኩት ፊደል «የት እንዳለ አላውቅም» ብዬ ጻፍኩልሽ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተማርኩትም ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። ተምረነዋል። ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ። ይቅርታ።

ጃንጉን ተይው። ካልሄድሽ ሂጂ። ከሄድሽም መንገድሽን ያቅናልሽ።

ማልሲም


ከአውሮፕላን ማረፊያ
የመጀመሪያው ወር፣ 19ኛው ቀን

በአክብሮት ለእማማ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቶሎ ስላልጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን በረራው አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

በፈረስ ቀን በጠዋት ተነሳሁ። አፌን ሸፈንኩ። ትልቁን መስፈሪያ አወረድኩ። የፊተኛው ጋን አንዱን ማል ሞልቶ ሁለተኛውን ሳያጋምስ አለቀ። ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ማል ይላል። አትጨምሪ አትቀንሺ ይላል። የኋላውን አትክፈቺ ይላል። ሦስቱ አብረው አይሆኑም። ማንን ልጠይቅ? ስልክ አይሰሙም፣ ደብዳቤ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ የፈረስ ቀን ዛሬ ነው። ከፈትኩት።

አራተኛውን ማል ስዝቅ እጄ ላስቲክ ነካ።

የጨው ክምሩ ምንጣፉ ላይ ጉልበቴ ድረስ ደርሷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፓስፖርቱን ከፈትኩት። የሃያ ሁለት ዓመቷ ሉዋ ታየችኝ፤ ፀጉሯን ለፎቶው ብላ ወደኋላ አስራዋለች። አላወቅኋትም ነበር።

አልዋሽዎትም፣ እማማ። ያን ጨው እንዳለ ጋኑ ውስጥ ገልብጬ፣ እርሾውንም ጨምሬበት፣ በሩን ዘግቼ ልሄድ አስቤ ነበር። ማንም አይፈርድብኝም፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነው፣ የእርስዎ እጅ ነው የጻፈው። ብዙ ተቀመጥኩ። ቀትር ደረሰ።

ከዚያ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ትዝ አለኝ። መጽሐፉ ላይ የፈረስ ሥዕል ነበር፣ ከሥሩ «ማል» ተጽፏል። «እኔን ፈረስ ብለው ነው እንዴ የሰየሙኝ?» ብለው ጮኹ፤ ሁሉም ሳቀ። አስተማሪዋ «አይደለም አያቴ፣ የእርስዎ ማል መጨረሻ ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ሴት ልጅ ይብቃን ብለው ነው» አለችዎት። ማንም ሁለተኛ አልሳቀም። ያን ቀን ገጹን ሙሉ ማል፣ ማል፣ ማል ብለው ጻፉበት፤ እርሳሱ እስኪሰበር ድረስ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል ሲጠፋብዎት እጅዎ እሱን እንደሚጽፍ እኔ አውቃለሁ። አጠገብዎ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ደግሞ ጋኑ ምን አደረገኝ?

ጨውን ወደ ቦታው መለስኩ። በትንሹ መስፈሪያ አራት ትዌ ሰፈርኩ፣ ከኋላው ጨው። እንቁላሉ መጀመሪያ ሰጠመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ። ጀርባው የመቶ ዎን ሳንቲም ያህላል፤ ሳንቲሙን አጠገቡ ይዤ ለክቻለሁ። ፍሙ ሲነካው ጮኸ። ገመዱን ወደ ግራ ገመድኩት፤ ሦስት ጊዜ ተፈትቶብኛል። ከታሰረ በኋላ አለቀስኩ።

ፓስፖርቱ እዚያ እንዴት ገባ ብዬ አልጠይቅም።

ከዚህ በታች እመለሳለሁ ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስረዛው ይታይዎታል። እናቴን ሳላያት ቃል መስጠት አልቻልኩም።

ማሞቂያውን አላጠፋሁትም። ቁልፉ ወፍጮ ቤት ነው።

ሉዋ


ሶልጎል
ሁለተኛው ወር፣ 22ኛው ቀን

ለሉዋ፣ በእናቷ ቤት፣

እንደምን አለሽ? እናትሽስ እንደምን አለች? አድራሻውን ከወንድምሽ ፖስታ ላይ ፊደል በፊደል ነው የገለበጥኩት፤ ፊደላችሁ ላይ ያሉት ነጥብና ሰረዞች አንድ ቀን ፈጁብኝ። ከጠፋ እንግዲህ ይጥፋ።

በ19ኛው ቀን የጻፍሽው በ23ኛው ሆስፒታል ደረሰኝ። እኔ በ21ኛው የጻፍኩልሽ ግን ወደ ባዶ ቤት ነው የሄደው። ወደ ቤት ስመለስ የራሴን ደብዳቤ በራሴ በር ሥር አገኘሁት። አልከፈትኩትም። ያንቺ ነው።

አሁን በምርኩዝ እሄዳለሁ። ከበሩ እስከ ጋኖቹ ሃያ እርምጃ ነበር፣ ሃምሳ ሆኖብኛል። ቁልፉን የሰጠችኝ የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ «ወፏ በረረች አይደል? አልነገርኩሽም ነበር?» አለችኝ። «ገመድ አስራ፣ ማሞቂያ አብርታ፣ ቁልፍ አስረክባ የምትበር ወፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ታዲያ ትመለሳለች?» አለች። ቁልፉን ይዤ ገባሁ። ስረዛሽን በፀሐይ ይዤ አይቼዋለሁ። ቃሉ ከሥሩ ይነበባል። ግን የተሰረዘ ቃል ያለ ቃል ነው ወይስ የሌለ? ይህን አስተማሪዋ አላስተማረችንም።

ጋኑን ከፈትኩት። በጣቴ ቀመስኩ። የእኔ ጣዕም አይደለም፣ የአማቴም አይደለም። ጨዉ ግን ልክ ነው። ከኋላው ጨው ስለሆነ ምላስ ላይ አይቆይም። አርባ ስምንት ዓመት የሠራሁትን ጃንግ አስታወስኩና ተናደድኩ፤ ለካ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይመር ነበር።

ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛ ቀኑ ነው። በስልሳኛው ቀን ጥፍጥፎቹ ከመረቁ መውጣት አለባቸው። ካለፈ ይበላሻል። እኔ ጎንበስ ብዬ አንዷን እንኳ ማውጣት አልችልም፤ ብረቱ አያጎነብስም። የወፍጮ ቤቷን ሴትዮ አልጠራም። ሌላም ሰው አልጠራም።

ነይ አላልኩሽም። ቀኑን ነው የጻፍኩልሽ።

ማልሲም


ሶልጎል
ሦስተኛው ወር፣ 16ኛው ቀን

ልጄ ሉዋ፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም። ድንጋይ ጭኜበት ሄድኩ፤ ከገባሽ ታገኚዋለሽ። ዛሬ ሐኪሙ ብረቱን ሊያይልኝ ቀጥሮኛል። ሌላ ቀን ስጡኝ ብል «አያቴ፣ ጋን አይሸሽም» ይለኛል፤ ምን ያውቃል። በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እመለሳለሁ።

ደብዳቤሽ ከትናንት ወዲያ ነው የደረሰኝ። እናትሽ እጅሽን ይዛ እንዳረፈች አነበብኩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እጅሽን ይዛ የሚለውን አራተኛ አነበብኩት። እግዜር ያጽናሽ። በቀኝ እጅሽ ነው በግራሽ የያዘችሽ? ያልጻፍሽው እሱን ብቻ ነው።

ቲኬት ከተገኘ በ16ኛው ቀን እደርሳለሁ፣ ካልተገኘ አላውቅም ብለሻል። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ምርኩዜን አነሳለሁ። ያለመስማት ጥሩ ነገሩ መኪናው ባዶውን ሲያልፍ ድምፁ አይሰማኝም፤ አቧራውን ብቻ ነው የማየው። ዛሬ ስልሳኛው ቀን ነው። ይህን የሚያነበው ንፋስ ብቻ ከሆነም ይሁን፤ ጽፌዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኛል። ከለቅሶ ቤት ነው የምመጣው፣ ጋኑን መንካት እችላለሁ ወይ ብለሻል። ሞት የነካው እጅ ጋን አይነካም ብዬ በ13ኛው ቀን የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ያን ደብዳቤ ፈልገሽ ማሞቂያው ውስጥ ክተቺው። እናቱን የያዘ እጅ ነው። ነይና ንኪው።

ገመዱን ፍቺው። ትልቁን ሳህን ከጓዳ አውጪ፣ ነጩን ጨርቅ አጥቤ ሰቅዬዋለሁ። ጥፍጥፎቹን እኔ ሳልመጣ አታውጪ፤ ማጎንበስ ባልችል መቆጣት እችላለሁ። ከመረቁ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእርሾው ነው። ሁለተኛውን በትንሽ ጠርሙስ ቅጂና ለእናትሽ አስቀምጪላት።

የኋላውን የጨው ጋን አስገልብጬ፣ አሳጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስደፍቼዋለሁ። ይህ ወረቀት ያለው እሱ ላይ ነው። የ21ኛው ቀን ደብዳቤም ከሥሩ አለ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው፣ ቆመሽ አይሆንም።

ፓስፖርትሽን የፈለግሽበት አስቀምጪ። የት እንዳስቀመጥሽው ግን አትንገሪኝ።

ማልሲም